ግድግዳው ትንፋሹን የያዘ ዕለት

ክፍተት ማለት እንጨት ያልደረሰበት፣ ግድግዳም ያልደረሰበት፣ ሦስተኛ ወገን ግን የሚደርስበት ቦታ ነው። ክፍተት በራሱ ክፋት የለውም፤ አይበላም፣ አይናከስም፣ ማንንም አይሳደብም። ስፋቱ የሚታወቀውም በሚያልፍበት እንስሳ ነው። ጉንዳን ካለፈበት ስንጥቅ ይባላል። አይጥ ካለፈችበት ቀዳዳ ይባላል። ሸለምጥማጥ ካለፈበት ግን ስም ለማውጣት የሚተርፍ አይገኝም።

እንግዲህ ጠጋ ጠጋ በሉ። እኔ «ነበረ» ስል እናንተ «ይኑር» በሉኝ። ዝም ያለ ካለ እንቅልፍ ወስዶታል ብዬ ሳልቀሰቅሰው እቀጥላለሁ።

ነበረ!

ድሮ፣ ጣውላና መጋዝ ገና በቃላት ሲጣሉ፣ እንስሳት ከዋንዛ ዛፍ ሥር የእንጨት ሥራ ትምህርት ቤት ነበራቸው። የትምህርት ቤቱ ኩራት የልምምዱ ግድግዳ ነበር። ይህ ግድግዳ ከተላገ ጣውላ የተሠራ፣ ቀጥ ያለ፣ ለስላሳ፣ ሆድም ጉብጠትም የሌለው ነው። እንዲህ ያለ ግድግዳ ያለው ቤት በአገሩ አንድም አልነበረም። ትምህርት ቤቱ ግን ይህን እንደ ጉድለት አልቆጠረውም፤ ጉድለቱ የአገሩ ነው ብሎ ያምን ነበር።

እዚያ ትምህርት ቤት ጃርት ይማር ነበር። ጃርት ትጉ ነው። የሚማረው የግድግዳ ቁም ሳጥን መግጠም ነው። የግድግዳ ቁም ሳጥን ጀርባ የለውም፤ ጀርባው ግድግዳው ራሱ ነው። ጃርት ሳጥኑን ሠርቶ የልምምዱ ግድግዳ ላይ ገጠመው፤ ልክክ አለ። ፈታው፤ ገጠመው፤ ልክክ አለ። እንደገና ፈታው፤ እንደገና ገጠመው፤ ልክክ አለ። በኋላ በኋላማ ሳጥኑ ራሱ መንገዱን ለምዶት ጃርት ሳይገፋው ይሄድ ነበር።

«ይሄ ልጅ ምዘናውን ያልፋል» አለ መጋዝ።

«ምን ጥያቄ አለው፣ ያልፋል» አለ መዶሻ።

«ሌላ ግድግዳ ካላጋጠመው» አለች ውሃ ልክ።

ውሃ ልክ አንድ ዓይን ብቻ አላት፤ ዓይኗም አረፋ ነው። ያየችውን ትናገራለች። ይሉኝታ የሚባል ነገር አልተፈጠረባትም። ስለዚህ አብዛኛውን ዕድሜዋን ያሳለፈችው ከረጢት ውስጥ ነው።

ምዘናው ሲቃረብ ምስጦች መጡና የልምምዱን ግድግዳ በልተው ጨረሱት። የትምህርት ቤቱ ሹሞች ተቆጥተው ምስጦቹን ጠሯቸው።

«ግድግዳችንን እንዴት ትበላላችሁ?»

«ግድግዳ ነው እንዴ?» አሉ ምስጦቹ ደንግጠው። «እኛ የምናውቀው ግድግዳ ጭቃ አለው። ይቅርታ፣ ምሳ መስሎን ነው።»

የሚፈረድባቸው ጥፋት ስላልተገኘ ሹሞቹ ምዘናው ሰው በሚኖርበት ቤት ይሁን አሉ። ቤቱም የእትዬ ዶሮ ሆነ።

እትዬ ዶሮ ቤቷን የወረሰችው ከአያቷ ነው። ግድግዳው የጭቃ ነው። ሆዱን አውጥቶ፣ ደረቱን ወደ ውስጥ አስገብቶ፣ ከምሳ በኋላ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሽማግሌ ያረጀ ግድግዳ ነው። እትዬ ዶሮ በግድግዳው ቅሬታ አልነበራትም። መከራዋ ሸለምጥማጥ ነበር። መጀመሪያ እንቁላሎቿን ከአልጋ ሥር ሸሸገች፤ ሸለምጥማጥ መጥቶ በላባት። ቀጥሎ ከእንስራ ኋላ ሸሸገች፤ መጥቶ በላባት። አሁን ሦስተኛውን ጥላ መታቀፍ ጀምራለች። ዕድሜዋም ገፍቷል፤ ከዚህ በኋላ የምትጥለው እንደሌላት ሆዷ ነግሯታል።

«ቁም ሳጥኑን በነጻ ይገጥሙልሻል» አሏት ሹሞቹ። «ልጁ ይመዘንበታል፤ አንቺ ትገለገይበታለሽ።»

እትዬ ዶሮ በደስታ ክንፏን አራገበች። «እንቁላሎቼን ይዤ እገባበታለሁ፣ በሩን ከውስጥ እዘጋለሁ» አለች። «አደራችሁን፣ ክፍተት ብቻ አይኑረው።»

የምዘናው ቀን ደረሰ። መዛኙ ጉሬዛ መጣ። ጉሬዛ በሕይወቱ ጣውላ ጨብጦ አያውቅም። ነገር ግን ነጭ ካባ ለብሶ የተወለደ እንስሳ እሱ ብቻ ስለሆነ፣ መዛኝ ይሁን ሲባል ማንም አልተከራከረም። ወረቀቱን ዘረጋ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ተመዛኝ ጃርት!»

«አቤት ጌታዬ!»

«የደህንነት ጫማ አድርገሃል?»

«አድርጌአለሁ።» ጫማውን የተዋሰው ከአህያ ነው፤ ቢፈልግ ውስጡ ሊተኛበት ይችል ነበር።

ጉሬዛ ወረቀቱ ላይ ምልክት አደረገ። «የሥራ ቦታህን ጠርገሃል?»

«ጠርጌአለሁ።»

ምልክት አደረገ። «አሁን የቃል ጥያቄ ነው። ግድግዳው ጠማማ ቢሆን ምን ታደርጋለህ?»

ጃርት እሾሁን አስተካክሎ ቀጥ ብሎ ቆመ። «የጎኑን ጣውላ ከግድግዳው አስጠጋለሁ። እርሳሴን የግድግዳውን ገላ እያስነካሁ ከላይ እስከ ታች እስባለሁ። እርሳሱ የግድግዳውን ሆድና ወገብ ጣውላው ላይ ይስለዋል። ከዚያ መስመሩን በመጋዝ ተከትዬ እቆርጣለሁ። ጣውላው ግድግዳውን እንደ ሸማ ይለብሰዋል!» አለ፤ አንዴ እንኳ ሳይተነፍስ።

«ግሩም!» አለ ጉሬዛ። መዶሻ እንኳ፣ ልበ ደረቅ የሚባለው መዶሻ፣ በዚህ መልስ ልቡ ተነካ። «በል አሁን ግጠም። እኔ ደጅ ወጥቼ ቅጠል ቢጤ ቀምሼ እመለሳለሁ።»

ጃርት ሳጥኑን ገፍቶ ከግድግዳው አስጠጋ። ሳጥኑ የግድግዳውን ሆድ ነካና ቆመ። ከላይ ክፍተት፣ ከታች ክፍተት። ከላይ ሲገፋው ከታች ባሰበት። ከታች ሲገፋው ከላይ ባሰበት። መሀሉን በትከሻው ሲገፋው ግድግዳው «ኧረ ሆዴን!» ብሎ ጮኸ።

እትዬ ዶሮ አንገቷን ክፍተቱ ውስጥ አስገባች፤ ገባላት። አወጣች፤ ወጣላት። ይህ አላስደሰታትም።

«ልጄ» አለች፣ «ያ ቅድም ያልከው እርሳስ የት ሄደ?»

«የቱ እርሳስ እትዬ?»

«ሆድና ወገብ የሚስለው ነዋ!»

«እሱማ የቃል ጥያቄ ነው» አለ ጃርት፣ አላዋቂነቷን ይቅር እንደሚላት ዓይነት። «ተጠየቅሁ፣ መለስኩ፣ ምልክት ተደረገልኝ። ያለፈ ጥያቄ ይደገማል እንዴ?»

«ሳጥኑ ቀጥ ብሏል፣ ግድግዳው ሆድ አለው!» አለች ውሃ ልክ ከከረጢቱ። «እንጨቱ ይቆረጥ!»

ጃርት የከረጢቱን አፍ በገመድ አሰረው። ከዚያ ወደ ግድግዳው ቀርቦ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አባባ ግድግዳ፣ በሞቴ። ሆድዎን ትንሽ ሰብሰብ ያድርጉልኝ።»

«ልጄ፣ ይሄን ሆድ ያወጣሁት በአንድ ክረምት መስሎሃል?»

«መዛኙ እስኪፈርም ድረስ ብቻ ነው።»

«ታዲያ እውነቱ ሲወጣ…»

«እናቴ ደጅ ቆማለች፣ አባባ።»

እውነትም የጃርት እናት ደጅ ቆማለች። እልልታዋን አፏ ውስጥ ይዛ፣ ጉንጯ ተነፍቶ፣ የሚለቀቅበትን ሰዓት ትጠብቃለች። ግድግዳው አያት። ይሉኝታ ያዘው። «እንግዲህ የሰው ልጅ በእኔ ሆድ አይውደቅ» አለና ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳበ። ጭቃው ተንቋቋ፣ ትቢያው ረገፈ፣ ሆዱ ጠፋ። ሳጥኑ ልክክ አለ። ጃርት ቶሎ ቶሎ ብሎኑን አጠበቀ።

ጉሬዛ ቅጠሉን እያላመጠ ገባ። ከላይ አየ፣ ከታች አየ፣ ከጎን አየ።

«ልክክ ብሏል!»

«ልክክ ብሏል ጌታዬ።»

«የቀረን አንድ ጥያቄ ነው። የቤቱ ባለቤት፣ በሥራው ረክተሻል?»

እትዬ ዶሮ ግድግዳውን አየች፤ ትንፋሹን ይዞ እየተንቀጠቀጠ ነው። ጃርትን አየች፤ ዓይኑ ይለምናታል። ደጅ የቆመችውን እናት አየች፤ ጉንጯ ሊፈነዳ ደርሷል። ምንቃሯን ከፈተች። እንቁላሎቿ ትዝ አሏት። ጎረቤት ትዝ አላት። «የልጁን እንጀራ እሷ ዘጋችበት» ሲሉ ገና ከአሁኑ ሰማቻቸው።

«ተመስገን ነው ጌታዬ» አለች። «ምን ይጎድለዋል?»

ጉሬዛ «ብቁ» ብሎ ጻፈ። እልልታው ፈነዳ። ጃርትን በትከሻ ሊሸከሙት ፈለጉ፤ እሾሁን አስታውሰው ተዉት። እየዘፈኑ ሄዱ።

ግድግዳው የጉሬዛ ጅራት ከኮረብታው ኋላ እስኪሰወር ጠበቀ። ከዚያ «እፎይ!» አለ። ሆዱ ወደ ቦታው ተመለሰ፣ ብሎኖቹ ሲጥ ሲጥ አሉ፣ ሳጥኑ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተራመደ። ክፍተቱ ከላይም ከታችም ቁጭ አለ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሸለምጥማጥ መጣ። በሩን አንኳኩቶ ገባ፤ ጨዋ ነው።

«እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ። አዲስ ዕቃ አስገባች ሲሉ ሰምቼ ልመርቅ ብዬ ነው» አለ።

እትዬ ዶሮ ከሳጥኑ ውስጥ ሆና እንቁላሎቿን በክንፏ ሸፈነች።

ሸለምጥማጥ የራሱ ሜትር አለው፤ ጺሙ ነው። ጺሙ ካለፈ ራሱ ያልፋል፣ ራሱ ካለፈ ሁለንተናው ያልፋል። መጀመሪያ ጺሙን የሳጥኑ በር ላይ አደረገ፤ አላለፈም። «አቤት የበር አዘጋግ!» አለ። ቀጥሎ የጣውላዎቹ መጋጠሚያ ላይ አደረገ፤ አላለፈም። «እጁ ይባረክ። እንዲህ ያለ ሥራ ዛሬ የት ይገኛል?» አለ። በመጨረሻ በግድግዳውና በሳጥኑ መሀል አደረገ። ጺሙ በቀኝም በግራም ምንም ሳይነካ አለፈ።

ሸለምጥማጥ ጺሙን አወጣ፣ አበሰው።

«ይህ ደግሞ ለእንግዳ የተተወ ነው» አለ። «ዛሬ ጠግቤ ነው የመጣሁት። ጫጩት ከእንቁላል ይሻላል ይላሉ፤ ቅርፊቱ ሊሰነጠቅ ሲደርስ ብቅ እላለሁ። ደህና እደሪ።»

እትዬ ዶሮ ሲነጋ ወደ ጃርት ሮጠች። ጃርት ከቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ የብቃት ምስክር ወረቀቱን ፀሐይ ያስሞቃል።

«ልጄ፣ ሳጥኑ ከግድግዳው ተለየ። ናና በእርሳስህ ለክተህ አስተካክልልኝ።»

«እትዬ፣ እኔ ብቁ ነኝ» አለ ጃርት።

«ብቁ ከሆንክማ ና።»

«ብቁ የሆነ ሰው ተመልሶ ካስተካከለ፣ ቀድሞ አልነበረም ማለት ነው። በእኔ ብቻ አይደለም፣ በአያ ጉሬዛ ፊርማ ላይ መምጣት ይሆናል።»

ወደ ግድግዳው ተመለሰች። «አባባ፣ ጫጩቶቹ እስኪፈለፈሉ ትንፋሽዎን ይያዙልኝ።»

«ልጄ፣ ለሹም አንዴ ይያዛል» አለ ግድግዳው። «በየቀኑ ከያዝኩማ እፈርሳለሁ። ያኔ ሳጥንም የለሽ፣ ቤትም የለሽ።»

ወደ ጉሬዛ ሄደች። ጉሬዛ ከዛፉ ሳይወርድ አነጋገራት።

«ጌታዬ፣ ቁም ሳጥኑ ክፍተት አለው።»

«ረክተሻል ብዬ ስጠይቅሽ ምን አልሽ?»

«ተመስገን።»

«ተመስገን ማለት ምን ማለት ነው?»

ተመስገን ማለት አልረካሁም ማለት እንደሆነ አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ ግን እንዲህ ብሎ ለመዛኝ የሚያስረዳ አፍ አልተፈጠረም። እትዬ ዶሮ እጅ ነሥታ ተመለሰች። በክፍተቱ ገለባ ወተፈች። በገለባው ላይ ጨርቅ ወተፈች። በጨርቁ ላይ ላባዋን ነጭታ ወተፈች። ከዚያ እንቁላሎቿ ላይ ተቀምጣ ከውስጥ የሚመጣውን ድምፅ ታዳምጥ ጀመር። አንድ ማለዳ ከቅርፊቱ ውስጥ «ጭ» የሚል ሰማች። በክንፏ እቅፍ አድርጋ «እዚያው ቆዩ ልጆቼ፤ ትንሽ ቆዩ» አለቻቸው።

ሸለምጥማጥም ሰምቶ ኖሮ አመሻሽ ላይ መጣ። ላባውን መዘዘ፣ ጨርቁን መዘዘ፣ ገለባውን እፍ አለው። ከታች ገባ። እትዬ ዶሮ አፍንጫውን ነከሰችው፤ ዓይኑን በክንፏ መታችው፤ ጮኸች። ልትከፍት በሩን ገፋችው፤ ከውስጥ አጥብቃ ስለዘጋችው በሩ ተነክሶ አልከፈት አላት። በሩ በእውነት ጥሩ በር ነበር። በመጨረሻ በላይኛው ክፍተት ሾልካ ወጣች። በታችኛው ክፍተት ሸለምጥማጥ ሾልኮ ወጣ፤ ሲወጣ ከገባበት ወፍሮ ስለነበር ትንሽ ተቸገረ። ከሳጥኑ ውስጥ የቀረው ቅርፊት ብቻ ነበር።

ጩኸቷን ሰምቶ አገሩ ተሰበሰበ። ጉሬዛ መጣ። ጃርት ከነእናቱ፣ ከነመሣሪያ ከረጢቱ መጣ። እትዬ ዶሮ ከመካከላቸው ቆመች፤ ላባዋ ረግፏል።

«ጌታዬ፣ እንደገና ይጠይቁኝ» አለች።

«ምን ብዬ?»

«ረክተሻል ወይ ብለው።»

ጉሬዛ ግራ ገባው፤ ቢሆንም ጠየቀ። «ረክተሻል?»

«አልረካሁም!» አለች እትዬ ዶሮ። «ሳጥኑ ግድግዳውን አይነካም። ይህ ልጅ መድኃኒቱን በአፉ ያውቀዋል፣ በእጁ አልሠራውም። ግድግዳው ትንፋሹን ይዞ ዋሸልዎ። እኔም ተመስገን ብዬ ዋሸሁ። ጎረቤት እንዳያማኝ ስል ልጆቼን አስበላሁ።»

አገሩ እንዲህ ያለ ንግግር ሰምቶ አያውቅም።

«ኧረ አፏ!» አለች የጃርት እናት መጀመሪያ። «ልጄ ብቁ በተባለ ሰሞን! ምቀኛ!»

«ምን ያለች ደፋር ናት?» አለች ቆቅ።

«ሐዘን ላይ ናት፣ ተዉአት» አለ ከርከሮ፤ እሱ ደግ ነው።

ጉሬዛ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አገላበጠ። የቤት ባለቤት እውነት ስትናገር ምልክት የሚደረግበት ቦታ አልነበረውም። ቢሆንም ሕዝብ ፊት ነውና አንድ ነገር መወሰን ነበረበት። ውሃ ልክን ከከረጢቷ አስወጣት።

«ሳጥኑ ቀጥ ብሏል?»

«ብሏል» አለች ውሃ ልክ።

«ግድግዳው ቀጥ ብሏል?»

«አላለም። ስለዚህ እንጨቱ…»

«በቃ!» አለ ጉሬዛ፤ ወደ ከረጢቷ መለሳት። «ሰማችሁ? ሳጥኑ ቀጥ ብሏል፤ ግድግዳው አላለም። ተመዛኙ ምን አጠፋ?» ብሎ ብዕሩን አነሣ፤ የግድግዳውን ስም አስፍሮ በአንጻሩ «ገና ብቁ ያልሆነ» ብሎ ጻፈ። ግድግዳው አላዘነም፤ በዕድሜው የመጀመሪያ ጊዜ ስሙ ወረቀት ላይ ሰፍሮ ነበርና።

አባቶች ሲሉ እንደምትሰሙት፣ በይሉኝታ የተደፈነ ክፍተት ሸለምጥማጥ ሲመጣ በር ነው። ዶሮ ከዚያ ወዲህ እንቁላል አልጣለችም፤ ዘመዶቿም እሷን አይተው ጨለም ሲል ቆጥ ላይ መውጣት ለመዱ። ጃርት የትምህርት ቤቱ አስተማሪ ሆነ። አዲስ የልምምድ ግድግዳ ተሠራ፤ ቀጥ ያለ ነው። ቁም ሳጥኑ ባዶ ከሚቀመጥ ብሎ ሸለምጥማጥ ገባበት። በሥራው ጥራት ላይ እስካሁን ያቀረበው ቅሬታ የለም።